ጋሼ ገብረሕይወት የማያውቁት ገጸ ባሕርይ የለም

ደራሲን የሚያማርሩ ፍጡራን ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም የከፋው ግን ልብ ወለድ አንብቦ "ማንን ነው የጻፍከው?" የሚል አንባቢ ነው። ሲያትል ውስጥ የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ ክቡር ጋሼ ገብረሕይወት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የእድራችን ሊቀመንበር፣ የኢንተርኔት መጽሔታችን ታማኝ አንባቢ። ምነው ባይሆኑ!

መጽሔቱን የምታዘጋጀው ሬድመንድ ከተማ ሶፍትዌር የምትሠራው ሄዋን ናት። የምናወጣው ያልሆነና ሊሆን የማይችል ነገር ብቻ ነው፦ ከመቶ ዓመት በኋላ ስለሚኖሩ ሰዎች፣ ስለሚያወሩ ድልድዮች፣ ስለ ሌላ ፕላኔት የተገጠሙ ግጥሞች። እኔም ከአንባቢ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የፈጠርኩትን ሰው "ፈጠርከው" እንዲለኝ።

ገጣሚያችን ሰኪና በግጥሟ ኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምትደረድር ጨረቃ አመጣች። ጋሼ ደወሉ። "የማታ ሺፍት ናት አይደል? አውቃታለሁ፣ ወገቧን ያማታል።" ጨረቃን! ስለ ባለ ሁለት ራስ ሰው ስጽፍ ደግሞ የሁለቱንም ራስ ስም ነገሩኝ።

በዚህ ወር የወጣው ታሪኬ ማውንትሌክ ቴራስ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቀስ በቀስ ለሰው ዓይን መታየት ሲያቆሙ ይተርካል። መጀመሪያ እጃቸው ይጠፋል፣ ከዚያ ትከሻቸው። ሦስት ወር ለፍቼበታለሁ። ገና ከመውጣቱ ስልኬ ጮኸ።

"ስማ አዶኒያስ፣ አቶ ኪዳነ ወልድን ነው አይደል? ከእድር ስብሰባ ከጠፉ ሁለት ወራቸው።"

"ጋሼ፣ ልብ ወለድ ነው! ማንንም አይደለም!"

"ኦኬ፣ ኦኬ። ለአባላቱ ቴክስት አድርጌያለሁ፤ ቅዳሜ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። አድራሻውን እልክልሃለሁ።"

ደሜ ፈላ። በልብ ወለድ ምክንያት እድር የሚያንቀሳቅስ ሰው የት አገር ይታያል? ይባስ ብሎ አድራሻው እኔው የምኖርበት ሕንፃ ሆኖ አረፈው። ጎረቤቶቼ ፊት ሊያዋርዱኝ! ቅዳሜ ላስቆማቸው እየተንደረደርኩ ወጣሁ፤ የሽማግሌው ቤት ከእኔ ሦስት በር አለፍ ብሎ ነው።

ቤቱ ሞልቷል። አንዱ ሾርባ ያሞቃል፣ አንዷ መስኮት ትከፍታለች። አቶ ኪዳነ ወልድ አልጋ ላይ ናቸው፤ ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ብቻቸውን ከተኙ ወር አልፏቸዋል። ለካ ማንም አልሰማም።

"ማን ነገራችሁ?" አሉ።

ጋሼ ገብረሕይወት ወደ እኔ ጠቆሙ። "እሱ ነው። ጽፎልዎት።"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩኝ። "አውቅሃለሁ። ሳልታመም ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ ሰላም እልህ ነበር። ጆሮህ ላይ የምትሰካው ነገር አለ።"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ጋሼ ግን ቶሎ ብለው ገቡ፤ "ሰላምታዎን ሰምቶ እኮ ነው የጻፈው" አሏቸው።

አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም፤ ጋሼም ይህን ያውቃሉ። ሽማግሌው ፊታቸው ሲፈካ ሳይ ግን አላረምኳቸውም። ጋሼ ከአጠገባቸው ወንበር ሳቡልኝና ተቀመጥኩ።