የሽንት ቤቱ ዋስ

(ጭድ ተራ፣ አዲሱ የሕዝብ ሽንት ቤት በር ላይ። ሸራ ነጋዴው ጋሼ እንድሪስ የተሸካሚውን የረዲን ኮት ጨምድደው ይዘዋል። ረዲ እግሩን አጠላልፎ ይንቆራጠጣል።)

እንድሪስ፦ መስጊዱ ሽንት ቤት አትሄድም አልኩህ! እዚሁ ትገባታለህ!

ረዲ፦ ኧረ በአላህ ይልቀቁኝ ጋሼ! የመስጊዱ ነጻ ነው፣ ይሄ አስር ብር ነው!

እንድሪስ፦ አስር ብር ለልማት ነው! መንግስት ብር አጠረው። ባለሀብቱ በኪሱ ሰራው፣ ሃያ ዓመት ያስከፍላል፣ ከዚያ ለመንግስት ያስረክባል።

ረዲ፦ ሃያ ዓመት ከተሸናበት በኋላ ነው መንግስት የሚረከበው?

እንድሪስ፦ አንተ ደንቆሮ! ይሄ የመንግስትና የግል አጋርነት ይባላል።

ረዲ፦ እኛ የትኛው ነን? መንግስት ነን የግል?

እንድሪስ፦ እኛማ ሕዝብ ነን።

ረዲ፦ ስሙ ላይ የለንማ! (ይዘላል) ጋሼ፣ መጣብኝ!

እንድሪስ፦ ቻለው! እኔ እንዳንተ በየመንገዱ አልሸወድም። አንዴ ደሴ በቅሎ ልገዛ ሄጄ፣ ሻጩ ጥርሷን እይ ቢለኝ፣ እኔ እቴ! ወደ ኋላዋ ዞርኩና…

ረዲ፦ በቅሎዋን ነገ ይጨርሱልኝ! ለመሆኑ እኔ ብሸና ባልሸና እርስዎ ምን አገባዎት?

እንድሪስ፦ (ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው፣ ዝቅ ባለ ድምጽ) ውል አለ። በቀን ሦስት መቶ ሰው መግባት አለበት።

ረዲ፦ ባይገባስ?

እንድሪስ፦ የጎደለውን ዋሱ ይከፍላል።

ረዲ፦ ዋሱ ማነው?

እንድሪስ፦ አንድ የተከበረ ሰው ነው።

ረዲ፦ ማን?

እንድሪስ፦ እኔ።

ረዲ፦ ውሉን አንብበውታል?

እንድሪስ፦ ምን ማንበብ ያስፈልጋል! ልጄ ማሂራ፣ «አባ፣ አስራ ሁለት ገጽ ነው፣ ላንብብልህ» አለችኝ። አንስቼ መዘንኩት። ከበድ ይላል፤ ከባድ ወረቀት ደሞ አይዋሽም። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ግጥም!

ረዲ፦ ትናንት ስንት ሰው ገባ?

እንድሪስ፦ አርባ አንድ። አራቴ የገባሁት እኔ ነኝ። የዕቁብ ብሬ እዚሁ አለቀ። ዛሬም ካልሞላ ሱቄን ይወስዱታል፣ ገባህ?

ረዲ፦ አሁን ገና ገባኝ። ከገባሁ አስሩን ብር የምከፍለው እኔ ነኝ።

እንድሪስ፦ ጎበዝ!

ረዲ፦ ከቀረሁ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

እንድሪስ፦ እ… አዎ።

ረዲ፦ (ትንሽ አስቦ) በሉ እቀራለሁ።

እንድሪስ፦ (ኮቱን አጥብቀው) ወላሂ አትቀርም! እንካ አስር ብር! ግባ!

ረዲ፦ ብገባም እርስዎ፣ ብቀርም እርስዎ?

እንድሪስ፦ ግባ አልኩህ!

(ረዲ ሮጦ ይገባል። ጋሼ እንድሪስ አላፊ አግዳሚውን «ግቡ፣ ንጹህ ነው፣ ሳሙና አለው!» እያሉ ይለምናሉ። ሁሉም ሰላምታ እየሰጣቸው ወደ መስጊዱ ያልፋል። ረዲ ሱሪውን እያስተካከለ ይወጣል።)

ረዲ፦ ጋሼ፣ ቤተ መንግስት ነው እኮ! ባዶ ስለሆነ ሳስል ግድግዳው መለሰልኝ። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ ሲገነቡ ሰው እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበሩ?

እንድሪስ፦ እንዴታ! በጥናት ነው የሰሩት! በኮምፒውተር!

ረዲ፦ እኔንም እንደዚሁ ነው ያሉኝ።

እንድሪስ፦ አንተን? ማን?

ረዲ፦ የባለሀብቱ ሰዎች ናቸዋ። መጀመሪያ እኔ ጋ ነው የመጡት፤ የተሸካሚዎች ሊቀመንበር ነህ ብለው። «ዋስ ሁነን» አሉኝ። «ሰው እንደሚመጣ እርግጠኛ ከሆናችሁ ዋስ ምን ያደርግላችኋል?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ «ይሄ ሰውዬ ነገር አይገባውም፣ እስቲ አንድ አዋቂ ሰው አሳየን» አለኝ።

እንድሪስ፦ (ድምጻቸው ቀጥኖ) አንተስ?

ረዲ፦ የእርስዎን ሱቅ አሳየኋቸዋ! እኔን እንኳ የደላላ ብለው መቶ ብር ሰጥተውኛል። እርስዎን ስንት ሰጡዎት?