የእትዬ ሥርጉት ዓሣ መቼም አይበስልም

ድስት ከእሳት ሊወርድ ሲል «ገና ነው» የሚል ሰው የሌለበት አገር የለም። ለእኛ ለቡሬዎች የደረሱን ዓሣ አርቢዋ፣ የሆዳችን ጠባቂ፣ ክብርት እትዬ ሥርጉት ናቸው። ማማቴ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው።

ሌላው ሻጭ ዓሣውን ሸጦ ይሸኛል። እትዬ ሥርጉት ከዓሣው ጋር አብረው ይመጣሉ። በባጃጅ ተከትለውኝ ቤቴ ይገቡና ዓሣው ከሰል እስኪመስል ድረስ ከመጥበሻው አጠገብ ይቆማሉ። «በሰለ እኮ እትዬ» ስላቸው፣ «ገና ነው፤ ውስጡ ያለው ትል ካንተ ይልቅ ታጋሽ ነው» ይሉኛል።

አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ሀይሉ ጥሬውን በሎሚና በሚጥሚጣ ሊበላ ተሰናዳ። «ሚጥሚጣው ትሉን ይገድለዋል» አለና በጣቱ ቀመሰው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አንተን ገደለህ?» አሉት እትዬ ሥርጉት።

«ኧረ አልገደለኝም።»

«እሱም እንዳንተ አልቅሶ ይተርፋል» ብለው ሳህኑን አነሱበት።

ኩሬያቸውም ዕረፍት አይሰጥም። ትሉ ዓሣው ውስጥ የሚገባው በወፍ ኩስና በቀንድ አውጣ በኩል ነው ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ወፍ አባራሪ አድርገውታል። እኔ የቢሮ ሠራተኛው፣ ስንት ቅዳሜዬ ቀንድ አውጣ ስለቅም አለቀ።

አምና፣ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳያልቅ፣ ደጀኔ የሚባል ባለ ምግብ ቤት የኩሬውን ዓሣ በሙሉ ሊወስድ መጣ። እትዬ ሥርጉት የመጀመሪያውን ሲሰነጥቁት ከቆዳው ሥር ቢጫ ትል ወጣ። ደጀኔ ስልክ ላይ ስለነበረ አላየም። እኔ አይቻለሁ። የዓመት ልፋታቸው ነውና ዝም እንዲሉ በዓይኔ ለመንኳቸው።

«ደጀኔ፣ ና ልጄ፣ ይኸን እይ» አሉት። «በደንብ ከበሰለ አይጎዳም። ግን እኔ ያንተ ማድ ቤት ቆሜ መዋል አልችልም።»

ደጀኔ ባዶ ሳጥኑን ይዞ ሄደ። እሳቸው ኩሬውን አፍስሰው ኖራ በተኑበት፤ ፀሐይ እስኪሰነጣጥቀው አደረቁት። ወሬው ግን አልደረቀም፤ «የሥርጉት ዓሣ ትላም ነው» ተባለ።

ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን ዓሣ ይዘው ገበያ ወጡ። እስከ እኩለ ቀን ዋጋ እንኳ የጠየቃቸው የለም። አንገታቸውን ደፍተው ዝንብ ሲያባርሩ አየኋቸውና አንጀቴን በሉት።

«ስድስት ይስጡኝ» አልኩ።

«ብቻህን እየኖርክ ስድስቱን ማን ሊበላልህ ነው?»

«እኔ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ መሀረባቸውን አጠበቁና ባጃጅ ጠሩ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ዓሣ አልወድም። ሽታው ራሱ ያመኛል። ይኸን ሁሉ ዓመት የገዛሁት ቤቴ ድረስ መጥተው እንዲቆጡኝ ነው።