ጓድ መንገሻ ብቻውን የሠራው ግንብ

ሰዎቹ ሦስት ነን፦ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡት ሀጂ ዩሱፍ፣ ራሱን «ጓድ» የሚያሰኘው የሰፈራችን የልማት ኃላፊ መንገሻ፣ እና ፊደል በራሴ ጥረት የቆጠርኩት እኔ።

ራሱን ብቻ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ይሳደባል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ያመሰግናችኋል። በደርግ ጊዜ አንድ ዓመት ክረምት ሳይገባ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተባብሮ በደቻቱ ወንዝ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ይሠራ ነበር። ጓድ መንገሻ አንዲት ድንጋይ ሳያነሳ «ግንቤ» ይላል። እኔና ሀጂ «ግንባችን» ስንል ሰምቶ በማግሥቱ ለብቻዬ ጠራኝ።

«አንተ ሳትማር የተማርክ ሰው ነህ። ሀጂ ግን ‹ትንንሹን ድንጋይ እየመረጠ ነው የሚሸከመው› ይሉሃል።»

አመንኩት። ለምን? ምስጋናው ጣፍጦኝ ነዋ! ከሀጂ ጋር ሰላምታ ተውን፤ ጎረቤቱም ለሁለት ተከፍሎ ከሥራው ቀረ።

ግንቡ ሳያልቅ ጎርፉ መጣ። ሀጂ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ልጆቼን አወጡልኝ።

«ትንሽ ድንጋይ ይሸከማል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አልኳቸው።

«አቦ ተወኝ የሰሎሞን አባት! እኔን ሰነፍ ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ለካ ጓድ መንገሻ ሀጂንም ለብቻቸው ጠርቷቸው ኖሯል። ጎርፉ እንደጎደለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተን በዘጠኝ ቀን ግንቡን ጨረስነው። ከዚያ ወዲህ ደቻቱ ወደ ቤታችን አልገባም። ልጆቼን እየወሰድኩ በኩራት አሳያቸዋለሁ። ጓድ መንገሻ ዛሬም ብቻዬን ሠራሁት ይላል። ይበል። የእሱ ምስጋና ሁላችንን ያስከፈለን ጎርፉ የወሰዳቸው የእኔ ኩሽናና የሀጂ ሁለት ፍየሎች፣ እና የአንድ ወር ሰላምታ ነው።