የሰኢድ የቀጥታ ስርጭት

ድሮ የመካነ ሰላም ዜና ሬዲዮ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያረጅ ነበር። ዛሬ ጎረቤቴ ሰኢድ አለልን። ጋዜጠኝነት ተምሯል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ስልክ አለው፤ ምን ብሎ ይማራል?

ባለፈው የጋሽ ይመር የጤፍ ክምር እሳት ያዘው። ቀድሞ የደረሰው ሰኢድ ነው። በእኛ አገር እሳት ያየ ሰው ኡኡ ብሎ ጎረቤት ይጠራል። ሰኢድ ግን ስልኩን አወጣ፤ ጉሮሮውን ጠረገና «ውድ ተመልካቾቼ፣ ሼር እያደረጋችሁ!» ብሎ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። አትፍረዱበት፤ እሳት እኮ ቶሎ ካልቀረጹት ሊጠፋ ይችላል።

ጋሽ ይመር ምንም ሳያውቁ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ዘይነብ ከጅዳ ደወለች።

«አብዬ፣ ክምራችን እየነደደ ነው! የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ደጅ ይውጡ!»

ወጡ። የዘይነብ ኡኡታ ከጅዳ ተነስቶ ሰፈሩን አናወጠው። ሰዉ ውሃና ቅጠል ይዞ ሮጠ፤ የክምሩ ግማሽ ተረፈ።

ጋሽ ይመር ጢሱ መሃል ቆመው፣ «ሱብሃነላህ! አንተ ሰኢድ፣ አጠገቡ ቆመህ ምነው ሳትጮህ ቀረህ?» አሉት።

ሰኢድ አዘነባቸው።

«እንዴ ጋሼ፣ ብጮህ የቪዲዮው ድምፅ አይበላሽም?»