የዝገት ቀለም ፍለጋ

ሰው ቀለም ይወዳል ሲባል እሰማለሁ። ውሸት ነው። ሰው ቀለም ይፈራል፤ እኔም ከፈሪዎቹ አንዱ ነኝ።

ደሴ ውስጥ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከካርቶንና ከቆርቆሮ ትንንሽ የባቡር መስመር እሠራለሁ። ባለቤቴ በሽታ ትለዋለች፣ እኔ ጥበብ እለዋለሁ፤ ሁለታችንም ሳንሳሳት አንቀርም። ዘንድሮ የኮምቦልቻውን የባቡር ድልድይ አሳንሼ ሠራሁና ቀለሙ ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ። ሲሚንቶ ግራጫ ነው ያለው ማነው? ግራጫ ብቀባው የሳሙና ማስቀመጫ መሰለ። እውነተኛ ድልድይ አቧራ ጠጥቷል፤ ከላይ የወረደ ዝገት ጎኑን አዥጎርጉሮታል። ያን ዝገት ደሴ ተቀምጦ በሐሳብ መቀባት አይቻልም። ስለዚህ ድልድዬን በካርቶን፣ የተለያየ ቀይ ቀለም በሁለት ጣሳና ብሩሽ በፌስታል ይዤ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

መንገዱን ሙሉ የፈራሁት ጥበቃ ነበር። ድልድይ ሥር ቆሞ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ እጁ የሚያይ ሰው በዚህ ዘመን ምን ተብሎ ይጠረጠራል? የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ላይ የደረሰው ግን ባልፈራሁት በኩል ነው።

ቀለም በጥላና በፀሐይ አንድ አይደለም። ድልድዩን የሚያገኘው ፀሐይ የሚያርፍበት ነገር ሳፈላልግ ከሥሩ ያለ ቤት የቆርቆሮ አጥር አየሁ። አንዱን ቀይ ወዲህ ሰያፍ ሳብኩት። ጠቆረ። ሁለተኛውን፣ ከመጀመሪያው ጋር እንዲነጻጸር፣ በላዩ ወዲያ ሰያፍ ሳብኩት። ቁርጥ ዝገቱን! እናንተ ገብቷችኋል። ቀይ ኤክስ የተሰመረበት ቤት እንደሚፈርስ ሕፃን ያውቃል፤ እኔ ግን ዝገቴን እያደነቅኩ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ሐጂ ይማም ነጭ ጢማቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ የሚሆኑ ሰው እኔን አንቱ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ "ጌታው፣ ስንት ቀን ነው የሰጡን?" አሉኝ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዲት ሴት ከገመድ ላይ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች፤ አንድ ጎረምሳ ከኋላዬ ቆሞ መውጫዬን ዘጋ። ለአሻንጉሊት ባቡር ነው ብል ማን ያምነኛል? ብያለሁ ግን፤ የባሰ ተጠራጠሩኝ። ምን ይፈረድባቸዋል፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ቤቱ አይፈርስም፣ እኔ ማንም አይደለሁም እያልኩ ስምል ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ እንዳልነበረ ላረጋግጥላችሁ እችላለሁ።

በመጨረሻ ካርቶኑ ትዝ አለኝ። መሬት ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ድልድዩ፣ ሐዲዱ፣ ወንዙ፣ ኮረብታው፣ ሁሉም አለ። አንዱ ወላሂ ባቡር ነው ብሎ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ልብሷን መልሳ አሰጣች። ተረፍኩ ብዬ ተነፈስኩ።

ሐጂ ብቻ አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ድልድዩን በጣታቸው ተከትለው ሥሩ ደረሱና እጃቸው እዚያው ቀረ። እዚያ ቦታ ላይ ለዓይን ያምራል ብዬ አረንጓዴ ሣር ቀብቼበታለሁ።

"ልጄ፣" አሉ ቀና ብለው፣ "አይፈርስም ብለህ ምለህልኛል። ታዲያ ቤቴ የታለ?"