ወደ ደሴት ለሚሄድ ደገኛ

ስሙኝማ ጎበዝ! አላረዝምባችሁም፣ ለምሳችሁ ትደርሳላችሁ። ከናንተ መካከል ጣና ገብቼ ደሴት ልሳለም የሚል ካለ ምክር አለችኝ። ለስንቅ ቆሎ ይበቃል። ጋቢያችሁን አንገታችሁ ላይ አትቋጥሩ። ቀዛፊውን ደግሞ "ጥልቀቱ እስከ ምን ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይነግራችኋል።

የሚስቴ አባት፣ አያ ታከለ፣ የጎንደር ቁስቋም ሰው ናቸው። ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት ስትጨነቅ "እመቤቴ፣ ካተረፍሽልኝ ደሴት ላለችው ቤትሽ ጥላ አስገባለሁ" ብለው ተሳሉ። ተረፈች፤ ሸጋ ልጅም ታቀፍን። ስለት ደግሞ አያስተኛም። ዘርፉ የሚያብለጨልጭ ቀይ ጥላ አሰፉና እስከ ቆላ ድባ በማኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ጣና ዳር ወርደን ታንኳ ላይ ወጣን።

ታንኳ እንግዲህ የታሰረ ደንገል ነው። ከብት ቢያገኘው የሚበላው ሣር ላይ ነፍስህን አስቀምጠህ ትሄዳለህ።

መሃል ስንደርስ ነፋስ ተነሣ። ቀዛፊው ወሬውን አቆመ። ወሬኛ ሰው ዝም ሲል፣ ያን ጊዜ ፍሩ።

ልክ ያኔ ከዛፎቹ መሃል የቤተ ክርስቲያኗ ጉልላት ብቅ አለ። መቼም በኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ፊት በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ የሚያልፍ ጨዋ የለም፤ ወርዶ ይሳለማል። አያ ታከለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲወርዱ ኖረዋል። እግራቸውን አነሡ!

"ምነው አያ! ወዴት ነው?"

"ልውረድ እንጂ! እመቤቴ ፊት ተቀምጬ ልለፍ?"

"ኧረ ውሃ ላይ ነን!"

መውረዱን ተዉት፤ መቆሙን ግን አልተዉም። ቆመው ተሳለሙ። ባዶ እጄን አልመጣሁም ለማለት ይመስለኛል፣ ጥላውንም ዘረጉት።

ነፋሱ ጥላውን ያዘ፣ ጥላው አያን ያዘ፣ እኔ የአያን መታጠቂያ ያዝኩ፣ ታንኳው በጎኑ ተኛ። ውሃው ገባ። ዋና አላውቅም፤ የጎንደር ልጅ ዋና የት ይማራል? ገና ክርስትና ያልተነሣው ልጄ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

"ጥላውን ይልቀቁት!" ብዬ ጮህኩ።

"ስለት ይለቀቃል ወይ!"

ቀዛፊው መቅዘፊያውን እግሩ ስር ጣለና አያን በትከሻቸው ተጭኖ ዘፍ አደረጋቸው። ታንኳው ተንገዳግዶ ተቃና። የቀረውን መንገድ አንድ እግሩን ጭናቸው ላይ ጭኖ ቀዘፈ።

ደረስን። ጥላው ውሃ እያንጠባጠበ ገባ፤ መነኮሳቱ መረቁን። አያ ደስታቸው ሞልቶ ቀዛፊውን "እመቤቴ ታክብርህ ልጄ! ስንመለስም የምትወስደን አንተው ነህ" አሉት።

ቀዛፊው ካናታቸው እስከ እግራቸው አያቸው።

"እወስድዎታለሁ አያ፤ ተጠፍረው ከሆነ።"