ለእህቴ የተገዛው ጉበት

በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ ሐኪም የሚሆን ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔን ኮምቦልቻ፣ እህቴ ቤት አጋጥሞኛል። እህቴ ከወለደች ወዲህ ደሟ አንሶ ስትቆም ያዞራታል። ሐኪሙ ሥጋ ብይ ስላላት ባሏ እንደ ምንም ብሎ ጉበት ገዛላት፤ እኔ ጠብሼ አቀረብኩ። ልትጎርስ ስትል ጎረቤቷ እማማ ሀዋ ሊጠይቋት ገቡ። እንግዳ እያየ ብቻዋን ትብላ? ሰሀኑን ወደ እሳቸው ገፋችው።

«ኧረ እኔስ በልቼ ነው የመጣሁት» አሉና በሉ። እየበሉም ጉበት ብረት እንዳለው፣ ደም እንደሚተካ በዝርዝር አስረዱን። ክፋት የለባቸውም፤ ደግ ሴት ናቸው። እህቴም «ይጨምሩ እንጂ» ትላለች። ሰሀኑ ባዶ ሲሆን ወደ ባሏ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሥጋ አብላት እንጂ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አላህ ያሽራት።»

«አሚን» አለች እህቴ። ሰሀኑን ልታነሳ ብድግ አለችና ግድግዳውን ያዘች።